ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በአዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከስኳር ክትትል ክፍሉ ፊት ለፊት የተደረደሩት አግዳሚዎች ሞልተው ቀሪው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካርድ ያወጡት ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ደም የሚሰጡት በባዶ ሆድ ስለሆነ ቁርስ የቀመሰ የለም። ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ስልካቸውን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ወጣት ዘረጉላት።

"እስቲ የኔ ልጅ፣ ይቺን ክፈቺልኝ። ልጄ ከሪያድ በኢሞ የላከችልኝ ናት። ማታ ሰምቻት ነበር፤ አሁን ጠፋችብኝ።"

ወጣቷ ፈልጋ ከፈተችላቸው። የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። የሽፈራው ቅጠል አድርቆና ፈጭቶ ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ ሲጠጣ መክረሙን፣ በሁለት ወሩ ስኳሩ እንደ ጤነኛ ሰው መሆኑን፣ ኢንሱሊኑንም እርግፍ አድርጎ መተዉን ይናገራል። አነጋገሩ የሚያሳምን ነው። ሲምልም ይሰማል።

"መርፌውን ትቼዋለሁ አለ አይደል?" አሉ እናትየው።

"ብሏል እማማ። ግን የትኛው ዓይነት ስኳር እንዳለበት አልተናገረም።"

"ስኳር ስኳር ነው እንጂ፣ ምን ዓይነት አለው?"

"አለው እማማ። እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ መርፌ ላይ ነኝ። ሁለት ቀን ብተወው ተሸክመው ነው የሚያመጡኝ። እርስዎም ዛሬ ሲገቡ ዶክተሯን ይጠይቋት፤ እስከዚያ ግን መርፌዎን እንዳይተዉ፣ አደራ።"

እናትየው ዝም አሉ። ቆየት ብለው ሌላ ጭንቀታቸውን አወጡ፦ ለወንድማቸው ተዝካር አገር ቤት ሊወርዱ ነው፤ እዚያ ፍሪጅ የለም፤ መድኃኒቱ ይበላሽ ይሆን? የወጣቷ ፊት በራ። እሷም አያቷ ዘንድ ገጠር ስትከርም የምታደርገውን ነገረቻቸው፦ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ጨምሮ በውሃ ማራስ፣ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ መሃሉ ማስቀመጥ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ማኖር፣ አሸዋው በደረቀ ቁጥር ማርጠብ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ፣ እሱ ደግሞ ሲነዳ የሚውል ሾፌር መሆኑንና ብልቃጡን ዳሽቦርድ ላይ ትቶ እንዴት እንዳበላሸው አጫወታቸው። ሦስተኛ ሰው ተጨመረ። ስም እስኪጠራ ድረስ የዚያ አግዳሚ ሰዎች በጋራ ብዙ ተማማሩ።

በዚያች ጠዋት ሁለት ዓይነት ምስክርነት ጎን ለጎን ተሰምቷል። አንደኛው "እንዲህ እየኖርኩ ነው" የሚል ነው፤ ሁለተኛው "ይህ አዳነኝ" የሚል። ሁለቱም የሚመጡት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት የሰው ድምፅና በአንድ ዓይነት ፍቅር ነው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ እናቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ግንባራቸውን መዳሰስ አትችልም፤ ያገኘችውን መላክ ለእሷ የጥየቃዋ መንገድ ነው። ስለዚህ ላኪዋን መውቀስ አይገባም። መልእክቱን ግን መመርመር ግድ ነው፤ ያ ሰው ተውኩት ያለው ኢንሱሊን ዓይነት 1 ስኳር ላለበት ሰው ሕይወት ነውና። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ማስታወክ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። ለዚህ ሁሉ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ።

የማሰሮውን ምክርስ ምን ያህል እንመነው? ይህ የሚያስደስት ታሪክ አለው። በሞቃት አገሮች የሚኖሩ፣ ፍሪጅ የሌላቸው የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊናቸውን በሸክላ ዕቃ እያቀዘቀዙ ለዓመታት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ነገሩን በሰሜን ኬንያ ዳዳብ ካለው የስደተኞች ሰፈር ሙቀት ተነስተው ለኩት፤ ቀን ወደ 37 ዲግሪ እየወጣ ሌሊት ወደ 25 በሚወርድ ሙቀት ውስጥ ኢንሱሊን ለ4 ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ መቆየቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙ። ላልተከፈተ ክምችት ፍሪጅ አሁንም ይመረጣል፤ ፀሐይ ላይ መተውም ሆነ በረዶ ማስመታት ያበላሸዋል። የሕሙማኑ ልምድ መሠረት እንደነበረው ግን ላቦራቶሪው መሰከረ። ልምድ ጥያቄውን ይዞ መጣ፣ ልኬት መልሱን ሰጠ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነገር ይኸው ነው፤ የታመመ ሰው ስለ ኑሮው የሚናገረው ሁሉ ሊሰማ ይገባዋል፤ ስለ መዳኑ የሚናገረው ደግሞ ከመታመኑ በፊት ሊቆጠር፣ ሊነጻጸር ይገባዋል።

ስለ በሽታ በአደባባይ ማውራት ለእኛ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን እናስተምራለን፤ ቤታችን ውስጥ ግን እንደብቃለን። ለታማሚው ራሱ እንኳ ካንሰር መሆኑ አይነገረውም። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ትዳር ይከለከላት ይሆናል ተብሎ ጎረቤት እንዳይሰማ ይደረጋል። በሌላ በኩል ሰው ታሞ መተኛቱ ከታወቀ ጠያቂው ይጎርፋል፤ ከ"እግዚአብሔር ይማርህ" ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ "እከሌን ያዳነው" ነው። አልጋ ዳር ያለ ምክር ብዙ ነው። ቲክቶክና ቴሌግራም ይህን ጥየቃ አላመጡትም፤ ያሰፉት ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አልጋ ዳር የመጣውን ጠያቂ ታውቀዋለህ፤ ምክሩ ካልሠራ ነገ መጥቶ ያይሃል። ስክሪን ላይ ያለው ሰው አንተ ምን እንደሆንክ በጭራሽ አይሰማም።

ዝምታውን የሰበሩት መጀመሪያ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚነገረው ስለ ሕሙማኑ እንጂ በሕሙማኑ አልነበረም፤ ፖስተሩ ላይ አጽም ይሣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መቅድምና ተስፋ ጎሕን የመሳሰሉ ማኅበራት ሲቋቋሙ ጥቂት ሰዎች በየመድረኩ ቆመው "ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ" አሉ። ዋጋ ከፍለዋል። ከተከራዩበት ቤት የተባረሩ፣ ከሥራ የተገለሉ፣ ቤተሰብ የከዳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ምስክርነታቸው ሌላ ኃይል አገኘ፤ አልጋ ላይ የነበረ ሰው ተነስቶ ሲሄድ ያየ ጎረቤት ተመረመረ።

በዚያው ዘመን ሌላ ምስክርነትም ይሰማ ነበር፦ በእንጦጦ ጸበል ድኛለሁና መድኃኒቱን ጣልኩት የሚል። ይህን ሰምተው መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሞቱ አሉ። እምነቱን ለመንካት ሳይሆን ሰዎችን ለማትረፍ ሲባል መልስ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነበር፤ መልሱም ከቤተ ክርስቲያን ራሷ መጣ። የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉን እየጠጡ መድኃኒቱንም መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ጸበልተኛው የሚሰማው ሰው ስለተናገረ ነገሩ ተሰማ። የጤና ባለሙያ ብቻውን ሊያደርገው የማይችል ነገር ነበር።

አሁን ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ስለ ጉዳዩ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው እዚያ የሆነው ነው።

እስጢፋን ሄይውድ የተባለ አሜሪካዊ አናጢ በ29 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ኤ.ኤል.ኤስ. እንዳለበት ተነገረው። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው፤ እጅ ይከዳል፣ እግር ይከዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። አእምሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን እያየ ይኖራል። በወቅቱ የነበረው መድኃኒት ሪሉዞል ሲሆን ዕድሜ የሚያስረዝመው በጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ወንድሞቹ ጄሚና ቤን ከአንድ ጓደኛቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ፔሸንትስላይክሚ የተባለ፣ ሕሙማን ያሉበትን ሁኔታ በኢንተርኔት የሚመዘግቡበት ቦታ አቋቋሙ። እስጢፋን በ2006 አረፈ።

የዚህ ቦታ ልዩ ነገር ሕሙማኑ ስሜታቸውን ብቻ አለመጻፋቸው ነበር። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን 12 ጥያቄ ያለው መጠይቅ እየሞሉ ያስቀምጡ ነበር፦ ምግብ ትውጣለህ? ትጽፋለህ? ደረጃ ትወጣለህ? አልጋ ላይ ትገላበጣለህ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፤ ጤነኛ ሰው 48 ያገኛል። በየጊዜው የሚሞላው ነጥብ ሲያያዝ የአንድ ሰው በሽታ በምን ፍጥነት እየወረደ እንደሆነ የሚያሳይ መስመር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ከጣሊያን አንድ ዜና መጣ። ሊቲየም፣ ማለትም ለአእምሮ ሕመም ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ርካሽ መድኃኒት፣ የኤ.ኤል.ኤስ.ን ጉዞ አዘገየ ተባለ። 16 ሕሙማን ሊቲየምን ከሪሉዞል ጋር ወስደው በ15 ወር ውስጥ አንድም አልሞተም፤ ሪሉዞልን ብቻ ከወሰዱት 28 ሰዎች ግን ከሦስት አንድ የሚጠጋው ሞቷል። ዜናው በኢንተርኔት ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ተላለፈ። ማን ይጠብቃል? መደበኛ ሙከራ ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል፤ እነሱ ደግሞ ዓመታት የላቸውም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሐኪማቸውን ለምነው ሊቲየም መውሰድ ጀመሩ።

እዚህ ድረስ የሽፈራው ታሪክ ነው፤ ዜና፣ ተስፋ፣ መጣደፍ። የሚለየው ቀጥሎ ያደረጉት ነው። መድኃኒቱን ሲወስዱ የወሰዱትን መጠንና ነጥባቸውን ሳያቋርጡ መዘገቡ። ተመራማሪዎቹ ሊቲየም የወሰዱ 149 ሰዎችን ለይተው ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አቻ፣ በድምሩ 447 ሰዎችን ፈለጉ። አቻ ማለት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በሽታው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲጓዝበት የነበረ ሰው ማለት ነው። ይህ ወሳኝ ነበር፤ በሽታው አንዱን በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል፣ ሌላውን አሥር ዓመት ያቆየዋል። ቀድሞውንም ቀስ ብሎ የሚሄድበት ሰው ሊቲየም ቢወስድ መድኃኒቱ ያዘገየው ይመስላል።

መስመሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነት አልነበራቸውም። ሊቲየም የወሰዱትም ያልወሰዱትም እኩል ወረዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ ላይ ታተመ፤ በሐኪሞች የተመሩት መደበኛ ሙከራዎችም ሊቲየም እንደማይረዳ አረጋገጡ። እነዚያ ሰዎች በየወሩ እጃቸው እየከዳቸው፣ ተስፋ ያደረጉበት ነገር እንዳልሠራ የሚያሳይ ቁጥር ራሳቸው ሞሉ። አንዳንዶቹ የሞሉት በሌላ ሰው እጅ መሆን አለበት። የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ከከንቱ መድኃኒት አተረፉት ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ደግነት አላውቅም።

ቁጥር ማነስ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ይህን የሚያሳዩ፣ ሁለቱም በ12 ሰው የተጀመሩ ሁለት ታሪኮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሪው ዌክፊልድ ላንሴት ላይ ስለ 12 ሕፃናት ጻፈ፤ የስምንቱ ወላጆች ልጆቻቸው ላይ የባሕርይ ለውጥ የታየው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከወሰዱ በኋላ እንደሆነ ነግረውኛል አለ። ወላጆቹ የተናገሩት የገጠማቸውን ነው። ዌክፊልድ ግን ክትባቱን በሚከሱ ጠበቆች ገንዘብ እንደተከፈለው ደብቆ ነበር፤ መረጃውም መዛባቱ ተጋለጠ። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘ፤ እሱም በዚያው ዓመት ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። በ2019 የታተመው የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣ አሳይቷል። ሆኖም ወሬው እስከ ዛሬ በአማርኛም ይዞራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእሱ ምክንያት ልጇን ማስከተብ ፈርታ የነበረች እናት አውቃለሁ።

ሁለተኛው 12 ከሴቶች የመጣ ነው። ካትሪን ሊዮን የተባለች አሜሪካዊት በ38 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ድንገተኛ የልብ ሕመም መታት። ስብ የዘጋው ቧንቧ አልነበረም፤ የልቧ ደም ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን በድንገት ተሰንጥቆ ነው። እጅግ ብርቅ በሽታ ነው ተባለች። በኢንተርኔት ግን የልብ ሕመም ያለባቸው ሴቶች በሚወያዩበት ቦታ እንደሷ የሆኑ ሴቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ስብ የለባቸውም፣ አያጨሱም፤ አንዳንዶቹ አራስ ነበሩ። ለማዮ ክሊኒኳ የልብ ሐኪም ለሻሮን ሄይስ "እኛን አጥኚን" ብለው ጥያቄ አቀረቡ። ሐኪሟ ሕመምተኞቹን የመለመለችው ከዚያው መገናኛቸው ነው፤ የ12ቱን ሰዎች የሕክምና ማኅደር ሰብስባ በ2011 የመጀመሪያውን ሥራ አሳተመች። ዛሬ መዝገቡ ከብዙ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2018 ስለ በሽታው ለሐኪሞች ዝርዝር መግለጫ አውጥቷል።

አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት። አንደኛው በጥቂት ሰዎች ትዝታ ላይ ፍርድ ሰጠ። ሌላው በጥቂት ሰዎች ታሪክ ጥያቄ ከፈተና ማኅደር ለመሰብሰብ ተነሳ።

ይህ አካሄድ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስለን የእኛው የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በርክተው አየ። እንዶድ መድኃኒት ነው ብሎ አልተመለሰም። ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስቦ አጣቢዋ ከአረፋው እንድትጨምርባቸው ጠየቃት፤ ሲሞቱ አየ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በላቦራቶሪና በወንዞች ላይ ፈተነው። እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የባላገር ዕውቀትን የሚያከብር ሰው ይፈትነዋል። ኮሶን እናስብ፤ እውነትም የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዓይን ይጎዳል። ሁለቱንም ያወቅነው ስለተፈተነ ነው። ለዓይነት 2 ስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ የሚመዘዘው በአውሮፓ ባህል ሕክምና ከሚታወቅ ቅጠል ነው። ሽፈራውም ላይ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በእንስሳት ወይም በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ በመሆናቸው ማንንም ከኢንሱሊን ለማላቀቅ አይበቁም።

ታዲያ ያ በኢሞ የመጣው ሰው ዋሽቷል? ላይዋሽ ይችላል። ቅጠሉን በጀመረበት ወር ስኳር የተጨመረበት ሻይ ትቶ፣ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ይሆናል። ዓይነት 2 ሆኖ ክብደቱ ቀንሶ ይሆናል፤ ክብደት በደንብ ሲቀንስ ስኳር የሚስተካከልላቸው ሰዎች አሉ። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ሲብስበት ነው፤ የባሰበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ መለስ ማለቱ አይቀርም፣ ምንም ሳይወስድም ቢሆን። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ያንኑ ቅጠል ይዞ ኢንሱሊኑን ያቋረጠና የሞተ ሰው ቪዲዮ አይሠራም። ቤተሰቡም ሐዘን ላይ ነው፤ "ቀኑ ደረሰ" ብሎ ይቀብረዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ሺህ ጊዜ ቢጋራም አንድ ሰው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ያየነው ይህንኑ ነበር። በቀናት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ተወደደ፤ ፌጦና ጤና አዳም ተፈለገ። ወደ መረጃ መስጫው ስልክ 8335 የሚደውለው ሰው ብዙ ነበር፤ በቴሌግራም የሚዞረው ድምፅ ግን ይፈጥን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ቢልም፣ መልሱ በሚገባን ቋንቋ እስኪደርሰን ድረስ ወሬው ገበያውን አዳርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሕሙማን ሲጽፉ ሐኪሞችን የቀደሙበትም ነገር አለ። ተሻላችሁ ከተባሉ በኋላ ድካሙ፣ የትንፋሽ ማጠሩ፣ የአእምሮ መደናገዙ ለወራት ያልለቀቃቸው ሰዎች ትዊተር ላይ ተገናኙ፤ "ሎንግ ኮቪድ" የሚለውን ስያሜ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ኤሊሳ ፔሬጎ የተባለች ጣሊያናዊት አርኪዮሎጂስት ናት፤ ራሷም ታማሚ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁኔታው የሕክምና ትርጉም ያስቀመጠለት ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ነው።

ስለ ሕክምና ዜና ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ እኔንና የጤና ዜና የሚጽፉ የሙያ ጓደኞቼን ይመለከታል። አይጥ ላይ የተሞከረ ነገር ወደ አማርኛ ሲመጣ አይጧ መንገድ ላይ ትቀራለች። "ሳይንቲስቶች ለካንሰር መድኃኒት አገኙ" ተብሎ ይለጠፋል፤ ዝርዝሩ ሲነበብ በብርጭቆ ሳህን ላይ ያሉ ሴሎች ናቸው። ከዚያ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፦ መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ጉዳት አለማድረሱ ይታያል፣ ቀጥሎ መሥራት አለመሥራቱ፣ ከዚያም በብዙ ሰው ላይ ካለው መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል። አብዛኛው ነገር መንገድ ላይ ይወድቃል። በማን ላይ፣ በስንት ሰው ላይ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ የሚሉትን ሦስት ነገሮች ያልያዘ የጤና ዜና መለጠፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢው ያንን አንብቦ የኬሞቴራፒ ቀጠሮውን ሊቀር ይችላልና።

ሕመምን መግለጥ ዋጋም አለው። ኩላሊቱ የከዳው ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ገደማ ዳያሊሲስ ይፈልጋል፤ ወጪውን መቋቋም ሲያቅት ቤተሰብ ፎቶውን፣ የሐኪሙን ወረቀትና የባንክ ሒሳቡን ለጥፎ ወገን ይለምናል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረበት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. በፊት ብዙዎች ወደ ውጭ ለመሄድ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በዚህ መንገድ የዳኑ ሰዎች አሉ፤ ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ ሳይቀር ገንዘብ ይላካል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥሩ፣ የሄፓታይተስና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤቱ ሳይሸፈን ይወጣል። ሰውየው ድኖ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጁ ስታገባ፣ ወረቀቱ ያኔም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር መድቦታል፤ አንዴ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈን ፎቶ ግን አዋጅ አይመልሰውም። ፔሸንትስላይክሚም ቢሆን የሕሙማኑን መረጃ ለመድኃኒት ድርጅቶች እንደሚያጋራ በግልጽ ይናገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ራሱ ለአንድ ግዙፍ የጤና መድን ኩባንያ ተሸጠ። ለሕመምተኛ ወገኑ የሰጠው ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሰጪው መብት ነው።

በኦክስፎርድ የተሠራ፣ እኛም ብንሠራው የምመኘው ነገር አለ። አን ማክፈርሰን የተባለች ሐኪም የጡት ካንሰር ይዟት፣ አንድሩ ኸርክስሃይመር የተባለ የመድኃኒት ሊቅ ደግሞ ጉልበቱ ተቀይሮለት፣ ስለ በሽታው ብዙ ቢያውቁም አብሮት መኖርን የሚነግራቸው አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕሙማንን ታሪክ በቪዲዮ የሚያሰባስብ ሥራ ጀመሩ፤ ዛሬ ኼልዝቶክ ይባላል። ዝነኛ ወይም ተናጋሪ አይመርጡም። የሠለጠነ ጠያቂ ሰዎቹ ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ለአንድ በሽታ ከ35 እስከ 50 የሚደርሱ፣ በዕድሜ፣ በኑሮና በበሽታው አካሄድ የተለያዩ ሰዎች ይጠየቃሉ። የዳነውም፣ ያልዳነውም፣ ሕክምናውን የተወውም ይናገራል። ከታሪኩ ጎን በሐኪሞች የታየ መረጃ ይቀመጣል። ተናጋሪው ፊቱ እንዲታይ ወይም ድምፁ ብቻ እንዲሰማ ይመርጣል፤ ሐሳቡን ቢለውጥም ያስነሳል።

በአማርኛ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ስልክና የሠለጠነ ጠያቂ ነው። የጤና ኮሌጆቻችንና የስኳር ሕሙማን ማኅበራችን ከተባበሩ ከአቅማችን በላይ አይደለም። መነሻው ስኳር ቢሆን እመርጣለሁ፤ በየቤቱ የገባ በሽታ ነውና። አርባ ሰው ይበቃል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ መርፌ የምትወጋ ተማሪ፣ ሁዳዴን መጾም የሚሹ አዛውንት፣ በረመዳን መድኃኒቷን ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ያስማማች እናት፣ እግሩን የተቆረጠ ገበሬ፣ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር፣ ጂዳ ውስጥ አሠሪዎቿ እንዳያውቁባት ኢንሱሊኗን የምትደብቅ ሠራተኛ። ሽፈራውን የሞከሩም ይምጡ፤ የተስማማቸውም ያልተስማማቸውም። ለአርባዎቹም የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ መድኃኒትዎን ያቋረጡበት ጊዜ ነበር? ምን ሰምተው ነው ያቋረጡት? ከዚያስ ምን ሆኑ?